በቀላሉ የወጣው ቡሽ

ጋሽ ቡሽን ወላጆቻቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራ ሰው ሆቴሉ ውስጥ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወይን ሲከፍቱ ኖረው ስሙ ተጣብቆባቸው ቀርቷል። ግትር ቡሽ የገጠመው አስተናጋጅ ሁሉ ጠርሙሱን አቅፎ ወደ እሳቸው ነው የሚሮጠው። እሳቸውም መክፈቻቸውን ከኪስ መዘዝ አድርገው፣ "ቡሽ እንደ አማት ነው፤ በጉልበት አይሆንም፣ ማባበል ነው" ይላሉ። ቀልዱ ካረጀ ቆይቷል፤ ሰው ግን ስለሚወዳቸው ይስቅላቸዋል።

ማንም ያላወቀው ነገር ቢኖር ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀኝ እጃቸው እንደከዳቸው ነው። አውራ ጣታቸው ይደነዝዛል፤ የያዙት ነገር ሳያውቁት ያመልጣቸዋል። ሐኪሙ "የነርቭ ነው፣ አይመለስም" ብሏቸዋል። ይህን ለሰው መንገር ለጋሽ ቡሽ ሞት ነበር። ወይን መክፈት የማይችል ጋሽ ቡሽ ምን ሊሠራ ሆቴል ይመጣል? ለልጃቸው እንኳ አልነገሯትም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። እዚያው ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ትሠራለች፤ የተቀጠረችውም የጋሽ ቡሽ ልጅ ተብላ ነው።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ከምሳ በፊት ዕቃ ቤት ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። ጠርሙሱን በጉልበታቸው መሃል ሰንገው፣ በሁለት እጃቸው ላብ በላብ እስኪሆኑ ታግለው ሦስት አራት ቡሽ ይነቅላሉ። ከዚያ ላላ አድርገው መልሰው ይሰኩትና የአንገቱን ሽፋን ያለብሱታል። እንግዳው ፊት ሲቀርቡ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀራቸው። አስተናጋጅ ግትር ቡሽ ሲያመጣባቸውም ጠርሙሱን ይዘው ወደዚያው ዕቃ ቤት ይገባሉ።

ብልጥ ነኝ ያለ ሽማግሌ ሲሳሳት እንዲህ ነው። ወይን እንግዳው ዓይኑ እያየ ካልተከፈተ ውስጡ ምን እንደገባ ማን ያውቃል? ይህን ደንብ ለአዳዲሶቹ አስተናጋጆች ሲያስተምሩ የኖሩት ራሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አንድ ባለመነጽር እንግዳ ጠርሙሱን ከእጃቸው ተቀበለ፤ አንገቱን አገላብጦ አየና "ይሄ ተከፍቶ የመጣ ነው" አለ። ሥራ አስኪያጁ ተጠራ። ዕቃ ቤት ገብቶ፣ ተከፍተው መልሰው የተደፈኑ ሦስት ጠርሙሶች ይዞ ወጣ።

"ጋሽ ቡሽ፣ ምንድን ነው ይሄ? እየቀነሱ ውሃ ነው የሚጨምሩበት?"

አዳራሹ ውስጥ ያሉ እንግዶች ሁሉ ዞረው አዩ። ልጃቸው ከመቀበያው መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ዝም ቢሉ ሌባ ናቸው፤ ቢናገሩ እንጀራቸው አበቃ። የልጃቸውን ዓይን ሲያዩ ግን እንጀራው ቀለለባቸው። የሌባ ልጅ ከምትባል የእጀ ሽባ ልጅ ትባል።

"እጄ ሞቷል ልጄ" አሉት ሥራ አስኪያጁን። "ሁለት ዓመት ሆነው። ሰው ፊት መክፈት ስላቃተኝ ነው ቀድሜ የምከፍተው። ጠብታ አልነካሁም።"

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማመን ፈልጎ ነበር። መስኮቱ ላይ ለጌጥ ከተደረደሩት ጠርሙሶች አንዱን አውርዶ አቀበላቸው።

"እስቲ ይክፈቱት።"

"ሞክረው አባዬ" አለች ልጃቸው። "ይዩልህ።"

ጋሽ ቡሽ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቡሽ እንቢ እንዲላቸው ጸለዩ። መክፈቻውን ሲያዞሩ ጣታቸው ደንዝዞ ሁለቴ አመለጣቸው። በሦስተኛው ሳብ አደረጉ። ቡሹ ሳይታገል፣ ሳይሰበር፣ ልስልስ ብሎ ወጣ።

ዓመታት ፀሐይ ላይ ቆሞ የኖረ ጠርሙስ ነው። ቡሹ ደርቆ ተኮማትሯል፤ እንኳን እሳቸው ሕፃን ልጅም ይነቅለዋል። ይህን ተናገሩ። "ይሄ እኮ ቆሞ ስለከረመ ነው፤ ተኝቶ ቆይቶ ቡሹ በወይኑ የራሰውን አምጡልኝ" አሉ። ነገር ግን የተነቀለ ቡሽ ጨብጦ እጄ አይሠራም የሚልን ሰው ማን ይሰማዋል? ከአስተናጋጆቹ አንዱ ሳቀ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

"በቃ" አለ ሥራ አስኪያጁ። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ነበር የሚላቸው። "መክፈቻውን አስቀምጥና ውጣ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የጋሽ ቡሽ እውነት እያደር ጠቆረ። ልጃቸው ከሥራ ተመልሳ ራት አቀረበች፤ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጋሽ ቡሽ መታገስ አቅቷቸው፣ "አንቺ እንኳ ታምኚኛለሽ አይደል?" አሏት።

"ብላ አባዬ፣ ይቀዘቅዝብሃል" አለች። አንገታቸውን ደፍተው በሉ።

በማግስቱ መሄጃ ባይኖራቸውም እንደ ልማዳቸው ነጩን ሸሚዛቸውን ለበሱ። ሌላ ጊዜ እሷ ሳትነሳ ነበር ግማሽ ሰዓት ታግለው የሚቆልፉት። የዚያን ቀን ግን እንቅልፍ አጥተው ስላደሩ ረፈደባቸው። ልጃቸው ለሥራ ለብሳ ስትወጣ መስታወቱ ፊት አገኘቻቸው። ቁልፉ ከጣታቸው ያመልጣል፤ ይይዙታል፤ ደግሞ ያመልጣል። ቆማ አየቻቸው። ጋሽ ቡሽ ልባቸው በተስፋ ዘለለች፤ ይኸው በዓይኗ አየች፣ አሁን ይገባታል አሉ በሆዳቸው። እጃቸውን በደንብ እንድታየው ወደ እሷ ዞር አሉላት።

ልጃቸው ቦርሳዋን አነገተች።

"ማስመሰሉን ተወው አባዬ" አለች በለሰለሰ ድምፅ። "እዚህ የሚያይህ ሰው የለም።"