ወንድ የጠመቀው ጠላ

የሚስቴን ታላቅ እህት አልወዳትም፤ እሷም አትወደኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ "መጨረሻ ላይ ይታረቁ ይሆናል" ብሎ እንዳይጠብቅ ነው። አልታረቅንም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ በእሷና በእኔ ቤት መካከል ያለው ሁለት አጥር ብቻ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሷ የማንጎ ፍሬ የምትቆጥር ይመስል ሽቅብ ታያለች፤ እኔ ወደ አስፋልቱ አያለሁ። ፊት ለፊት "እትዬ" እና "አንቱ" ነው የምላት፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። ከጀርባዋ ግን "እሷ" ናት፤ እዚህም እንደዚያው።

ሚስቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስትሞት የማርያም ማኅበራቸው ጽዋ እኛ ቤት ነበር። ሴቶቹ በየወሩ ተራ እየገቡ የሚዘክሩበት ማኅበር ነው፤ ተረኛዋ ጽዋውን ተሸክማ ወደ ቤቷ ትገባለች፣ በወሩ ጠላና ዳቦ አዘጋጅታ ማኅበርተኛውን ትጠራለች። ሚስቴ ጽዋውን ይዛ ገባች፤ ቀኑ ሳይደርስ ታመመች፤ ሳትነሳ ቀረች። ጽዋው ነጭ ጨርቅ እንደለበሰ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ገብቶ ወጣ። ልጅ አልወለድንም። አርባዋ እንደወጣ እህቷ መጣች፤ ሳትቀመጥ፣ በሩ ላይ እንደቆመች፣

"ጽዋውን ስጠኝ" አለችኝ።

"ለምን?"

"ባዶ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? የእህቴን ቦታ እኔ እይዛለሁ። አንተ ለማኅበርተኛው ምን ልትቀዳ ነው፣ ናፍጣ?"

ዕድሜዬን የፈጀሁት የጭነት መኪና ላይ ነው፤ ከጣርማ በር ቁልቁለት እስከ ኮምቦልቻ ድረስ የማላውቀው ጉድጓድ የለም። ይህን ሥራዬን እንደ ስድብ የምትጠራው ሰው እሷ ብቻ ናት።

"ቤቱ ባዶ አይደለም፣ እትዬ። እኔ አለሁ" አልኳት።

"እሱን እኮ ነው የምልህ" ብላ ሄደች።

ደሜ ፈላ። ጽዋውን ብትጠይቀኝ በደግ አፍ፣ እንጃ፣ እሰጣት ይሆናል። ግን ያቺ ሴት አንድም ቀን በደግ አፍ ጠይቃኝ አታውቅም። ወደ ማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት ወደ መሪያቸው ሄድኩ፤ ሙሴ ቢሏትም ሴት ናት፣ ረጋ ያለች ባልቴት። ነገሩን ሰምታ ፈረደች፦ "ጽዋው ያለው እርስዎ ቤት ነው፤ ይደግሱ። የሟቿን ቦታ ማን እንደሚይዝ ከድግሱ በኋላ ማኅበርተኛው ይወስናል።" ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። በወጉ ከደገስኩ የሚስቴ ቦታ እኔ ቤት ይቀራል፣ ሴቶቹ ተራው በደረሰ ቁጥር ሚስቴ ትቀመጥበት በነበረው መደብ ላይ ተቀምጠው ስሟን ያነሳሉ። ካልደገስኩ ሁሉም ነገር ሁለት አጥር ተሻግሮ ይሄዳል።

ጠማቂ ፈለግኩ። ጠላ የሚሸጡ ሴቶች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል። ጠዋት "እሺ፣ ጋሼ" ያለችኝ ማታ "ወገቤን" አለችኝ። ሁለተኛዋ እህል የለኝም አለች፤ እህሉን እኔ አመጣለሁ ስላት ጌሾ የለኝም አለች። ሦስተኛዋ እውነቱን ነገረችኝ፦ "የሟቿ እህት ዞራ ለሁላችንም ነግራናለች። ከእሷ ጋር አታጣሉኝ።"

እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ። ያን ቀን እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ራሴ ልጠምቅ ወሰንኩ። ወንድ ጠላ ሲጠምቅ በዘመኔ አይቼ አላውቅም። የሚስቅ ይሳቅ አልኩ።

ሳቁም። ወፍጮ ቤት ብቅልና ማሽላ ይዤ ስሰለፍ ከኋላዬ ያሉት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ አንዷ "ጋሼ፣ መቼ ነው የሚያገቡት?" አለችኝ። "ጠላው ሲደርስ" አልኳት። ጎረቤቴ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚነግድ ሙስሊም ሰው ነው፣ ጋኑን ከጓሮ ላወጣ ስታገል በአጥሩ ላይ አየኝ።

"ምን እየሆንክ ነው?"

"ጠላ ልጠምቅ ነው።"

"ወላሂ፣ እኔ ላይ ሐራም ነው፣ አንተ ላይ ግን ዛሬ ግዴታ ሆኗል" ብሎ አጥሩን ዞሮ መጣ። "ባዶ ጋን ሐራም የለበትም" እያለ ከታች ያዘልኝ። ሁለት ሽማግሌ እያቃሰትን አወጣነው። ያ ጋን የሚስቴ ነፍስ ነበር፤ በጦርነቱ ሰሞን ከተማው ባዶ ሲቀር ብርድ ልብሱን ረስታ ጋኑን በገለባ ሸፍና ነው የተሰደደችው። ጎረቤቴ ዙሪያውን ተመለከተና "ለስንት ሰው ነው?" አለኝ። "ለማኅበርተኛው።" "ይህ እኮ ለሠርግ ነው!" አለ።

አውቃለሁ። ግን እኔ ትንሽ ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ አላውቅም። ያየሁት ሙሉ ጋን ሲጠመቅ ነው። ከመንገድ ስመለስ በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔ መኪናዬ ላይ ሆኖ፣ ጆሮዬ ሚስቴ ጋ ነበር፤ ይህን ያህል ብቅል፣ ይህን ያህል ዱቄት፣ ውሃ እስከ አንገቱ። ግማሹን ላድርግ ብል የቱን እንደምቀንስ ግራ ገባኝ። አንዱን ቀንሼ ሌላውን ረስቼ ከሚበላሽብኝ ሙሉውን ልጠምቅ አልኩ። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእኔ ልብ ውስጥ ያለው የአንድ ሙሉ ጋን ሙያ ብቻ ነበር።

ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሸሁት፣ በወይራ አጠንኩት፤ ጢሱ ዓይኔን አጥፍቶ ሲያስለቅሰኝ ሰበብ አገኘሁና እውነተኛውንም አለቀስኩት። ማሽላውን ሳላስፈጨው በፊት ምጣድ ላይ ስቆላ ግማሹን አሳርሬው ነበር። ጌሾው ግን የራሴ ሥራ ነበር። ሚስቴ ጌሾ የምታስወቅጠው እኔን ነበር፣ ጉልበት ስለሚፈልግ። እወቅጥና "ይበቃል?" እላታለሁ። "ጨምር" ትለኛለች። እንደገና እወቅጣለሁ። "ጨምር።" አንድም ቀን "ይበቃል" ስትል ሰምቻት አላውቅም።

በዚህ ጌሾ የተነሳ ነው ሁለቱ እህትማማቾች ዕድሜ ልካቸውን የተነታረኩት። ደብረ ሲና ነው የተወለዱት፣ ብርድ ላይ። ታላቋ እስከ ዛሬ የምትጠምቀው እንደ እናቷ አገር ነው፦ ጌሾ ቆንጠር፣ ጠላው ለስላሳና ጣፋጭ። ሚስቴ ደግሞ "ይህ እኮ ሮቢት ነው፣ እዚህ ሙቀት ውስጥ ጌሾ ያልበዛበት ጠላ በማግስቱ ሆምጣጤ ነው" ትላለች፤ ምላስ እስኪያስር ትጨምርበታለች። በየበዓሉ አንዷ የሌላዋን ቀምሳ ፊቷን ታጨማድዳለች። "መረረ!" "ያንቺም ኮመጠጠ!" እኔ በበኩሌ የሁለቱንም አልጠጣም ነበር፤ ቢራ ነበር የምጠጣው።

ጌሾውን ስወቅጥ ግን ማንንም አልጠየቅኩም። ጨመርኩ። ደከመኝ፤ ጨመርኩ። ጠነሰስኩ፣ ደፈደፍኩ፣ ውሃውን ሞልቼ የጋኑን አፍ በጭቃ መረግኩት። ጭቃው ሲደርቅ ጆሮዬን ጋኑ ላይ ጣል አድርጌ ሰማሁ፤ ውስጡ ይንሾካሾካል።

የማርያም ዕለት ሴቶቹ መጡ፣ ቄሱም መጡ። ሙቀቱ ገና በማለዳው ቆርቆሮውን ያስጮኸው ነበር። ሁሉም ገብተው ከተቀመጡ በኋላ እሷ መጣች፤ ማንም አልጠራትም። እጇ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ እስከ አፉ ሙሉ፣ ክዳኑ የተጠረቀመ።

"ለክፉም ለደጉም ብዬ ነው" አለች፣ ውስጥ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብላ።

እንግዲህ ንገሩኝ፤ በሰው ድግስ ላይ የራስን ጠላ ይዞ መምጣት ምን ማለት ነው? ፊቴ ላይ ብትተፋ ይሻለኝ ነበር።

"እዚያ ያስቀምጡት፣ እትዬ" ብዬ ከግድግዳው ውጭ አሳየኋት።

"ፀሐይ ነው እኮ።"

"ጥላው ለሰው ነው።"

አስቀመጠችው። ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ፣ ጽዋው ዞረ፣ ሁሉም ተሳለሙና ቀመሱ። ከዚያ በየጣሳው ቀዳሁ። አንዷ ከንፈሯን አስነክታ መሬት አስቀመጠች። ቀጥሎ ያለችው የእሷን አይታ አስቀመጠች። ተራ በተራ፣ ጣሳዎቹ ሙሉ እንደሆኑ መሬት ላይ ተደረደሩ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ "እግዜር ይስጥልን፣ ደክመዋል" ነበር የሚሉት። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ መሃል ላይ ቆሜያለሁ፤ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ከማፈሬም በላይ እጠላቸው ነበር፣ ከሙሴዋ እስከ መጨረሻዋ።

"ኧረ ጉሮሯችሁ ደረቀ! የእኔን ላምጣላችሁ" ብላ እሷ ተነሳች።

ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ውሎ ሆዱ ተነፍቷል። ጎንበስ ብላ ክዳኑን ስትታገለው ከበሩ ሆኜ እያየሁ ነበር፤ ላስጠነቅቃት እችል ነበር፣ አላስጠነቀቅኳትም። ክዳኑ ጮኾ ሄደ። ጠላው እንደ ተቀደደ ራዲያተር ሽቅብ ተፈናጥሮ ፊቷን፣ ሹሩባዋን፣ የክት ነጠላዋን አለበሳት። የቀረው አረፋ ነበር፤ ሽታው እስከ መደቡ ድረስ ኮመጠጠ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሳቄ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ አላቆም አልኩ።

እሷ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ገባችና ተቀመጠች። ቤቱ ውስጥ ከእኔ ጠላ በቀር የሚጠጣ አልነበረም። እንደምትገድለኝ ዓይነት አየችኝ፣ አጠገቧ የነበረውን ጣሳ አንስታ አንዴ ተጎነጨች። አፏ ውስጥ ያዘችው። ዋጠች። ስድቡን እየጠበቅኩ ነበር።

"መረረ" አለች።

ደግማ ቀመሰች፤ አሁን ቀስ ብላ።

"ጌሾ አታብዢ ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ!" ብላ ጮኸች። "ስንቴ! ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነሽ አንቺ!"

እኔን አልነበረም የምታየው። ጋኑን ነበር። ጣሳውን ጨልጣ፣ ሳታየኝ፣ እጇን ዘረጋች፦ "ቅዳ።" ቀዳሁ። "የት አባትህ ተማርከው? ሌባ!" አለችኝ፣ ጠጣችው። "ቅዳ።" አያቴን ሰደበች፣ ጠጣች። እንባዋ እየወረደ የእኔን ዘር ሁሉ አንድ በአንድ ስታወግዝ ሌሎቹ ቀስ በቀስ ጣሳቸውን አነሱ። አንዷ "እውነትም የሟቿ እጅ ነው" ስትል ሰማሁ። ያን ጊዜ እኔም ቀመስኩት። ዕድሜዬን ሙሉ አልጠጣም ያልኩት መራራ እሱ ራሱ ነበር፤ ጣሳውን ጨለጥኩት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ያምር ነበር። ግን ሲመሽ ሙሴዋ ተነሳችና "ጠላው ጠላ ነው፣ እጅዎ ይባረክ። ቢሆንም ይህ የሴቶች ማኅበር ነው፤ ቦታው ለእህቷ ይሁን" አለች። ሁሉም አጨበጨቡ፣ የእኔን ጠላ ጠግበው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። እሷ አንድም ቃል አልተቃወመችም። ጽዋውን በነጭ ጨርቁ ጠቅልላ በአንድ እጇ፣ ባዶ ጀሪካኗን በሌላው ይዛ በእልልታ ወጣች። ሳጥኑ ላይ የጽዋው ቦታ ክብ ሆኖ አቧራ ሳይነካው ቀረ።

ጋኑ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር። የዝክር ጠላ አይሸጥ፣ አይደፋ። በእልህ ብቻዬን ጠጣሁት፤ ጠዋት ጠጣሁ፣ ማታ ጠጣሁ፣ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ "ኧረ አላህን ፍራ" እስኪለኝ ድረስ። አላለቀም። ደግሞም አልኮመጠጠም፤ በዚያ ሙቀት ሳምንቱን እንደ ድንጋይ ቆመ። ሚስቴ እውነቷን ነበር።

ከዚያ የእህቷ ተራ ሲቃረብ አንድ ባጃጅ በሬ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ቢጫውን ጀሪካን አወረደ፤ ባዶ ነው፤ ክዳኑ አዲስ።

"ምን ብላ ላከችህ?"

"ምንም አላለችም።"

ጀሪካኑን በእግሬ መታሁት፤ እስከ አጥሩ ተንከባለለ። እዚያው ይደር አልኩ፣ አደረ። በማግስቱ ጌሾዬን አውጥቼ መውቀጥ ጀመርኩ።

አሁንም የምጠምቀው በዚያው በሙሉ ጋን ነው፣ አንድ ሰው ሊጠጣው ከሚችለው በላይ። የማኅበሩን ቦታ እሷ ወስዳለች፤ ጽዋው ውስጥ የሚቀዳው ግን የሚስቴ ጠላ ነው፣ እሱን ማንም ሊወስድብኝ አይችልም። ድግሱ ባለፈ ማግስት በባጃጁ ሾፌር "መሯል በለው" ብላ ትልካለች፤ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ከበፊቱ የሚበልጥ ጀሪካን ይመጣል። ሰላምታ የለውም። እኔም ሰላምታ አልልክም። እስከ አፉ እሞላዋለሁ፣ ባጃጁ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ክዳኑንም ባለኝ ጉልበት ሁሉ አጥብቄ እዘጋዋለሁ።