ሦስተኛው አክስል

አባቴን ደንበኞቹ «ባሌስትራው» ይሉታል። ባሌስትራ ከተሳቢ ሆድ ሥር የሚታሰር፣ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከም ተደራራቢ ብረት ነው። አባቴም እንደዚያው ነው፤ ብትጭንበት ብትጭንበት ድምፅ የለውም። እኔ ግን የእናቴ ልጅ ነኝ፤ ትንሽ ነገር ከነካኝ ሰፈር ይሰማል። እሱ ተሳቢ ይሠራል፣ እኔ ቀለም እቀባለሁ። ጋራዡና ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። እናቴ ልቧ ታሞ አልጋ ከያዘች ጀምሮ የመዶሻውን ድምፅ ብቻ እየሰማች «ዛሬ ተናዷል»፣ «ዛሬስ ደህና ነው» ትለን ነበር። ተሳስታ አታውቅም።

ታላቅ ወንድሜ ሾፌር ነው። የሚጎትተውን ተሳቢ በሁለት አክስል፣ ጎማ በሚሸከም በሁለት የብረት ዘንግ፣ የሠራለት አባቴ ነው። ጭኖ ሲመላለስ መንገዱ በደጃችን ነበር። ገና ከድልድዩ ማዶ ሳለ እናቴ ሞተሩን ትለየዋለች። «መጣ! መጣ!» ብላ ነጠላዋን ታስተካክላለች። እሱም ጎንበስ ብሎ ይገባና አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። «ምነው ከሳህብኝ?» ትለዋለች፤ በር የማይበቃውን ሰውዬ! ሐኪሙ ያቆያት መድኃኒቱ ነው ይላል። ይበል። ምን እንዳቆያት እኔ አውቃለሁ።

ታዲያ ደህና ነገር መች ይበረክታል፣ የትልቁ መንገድ የመኪና ሚዛን የሚፈቅደውን ክብደት ዝቅ አደረገ። እዚያ እያንዳንዱ አክስል ለየብቻው ነው የሚመዘነው። ለሁለት አክስል የተካፈለ ሙሉ ጭነት ከልክ በላይ ሆነ፤ ለሦስት የተካፈለ ግን ያልፋል። አንድ ጨምሮ መገላገል ነዋ፣ ትሉ ይሆናል። የእኛ ድልድይስ? እሱ አርጅቷል፤ ስለ ማካፈል ደንታ የለውም። የሚጠይቀው ጠቅላላውን ነው፣ ከነብረቱ ከነጎማው። አክስል ሲጨመር ተሳቢው ራሱ ስለሚከብድ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ በእኛ ድልድይ ማለፍ ክልክል ነው። እንግዲህ ሁለት ካለ ጭነት ይቀንሳል፤ ሦስት ካለ በዙሪያው መንገድ ይሄዳል፣ ደጃችንን አያይም። አንዱ ሕግ ከዚያ፣ ሌላው ሕግ ከዚህ፣ መሐል ላይ የእናቴ አልጋ!

ወንድሜ ለጥቂት ወራት በሁለቱ ታገለ። አስጫኞቹ ግን አጉድሎ ለሚጭን ሾፌር ፊታቸውን አዞሩበት። መኪናው ቆሞ መዋል ጀመረ፤ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሊወጡ ሆነ። አንድ ቀን ጋራዥ ገብቶ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «አባዬ፣ ሦስተኛ ጨምርልኝ» አለ። አባቴ ሜትሩን ዘርግቶ በአክስሎቹ መካከል ያለውን ርቀት ይለካ ጀመር፤ የለካውን መልሶ ይለካል። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወደ እናቴ ገባ። እኔም ተከተልኩት፤ ወሬ አያመልጠኝም።

«ልጅሽ ሦስት አክስል ይሁንልኝ ይላል» አላት። «ከሆነ ግን ከእንግዲህ በዚህ አያልፍም። ምን ትያለሽ?»

«ምን እላለሁ!» አለች። «አድርግለት እንጂ። እኔን ለማየት ብሎ ልጆቹን ጦማቸውን ያሳድር? እኔ እንደሆንኩ ጠግቤዋለሁ።»

«እሺ» ብሎ ወጣ።

እሺ! በቃ፣ እሺ! ኧረ ሰው እንኳን ለዚህ፣ «ሻይ በቃኝ» ሲልም ሁለት ሦስቴ ይለመናል! እናቴ በሩን እያየች ቆየች። ወዲያው የብረት መቁረጫው ጮኸ። እንደ ልማዳችን፣ «ዛሬስ ምንድን ነው?» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያንን አክስል በገዛ እጄ ቀባሁት። ወንድሜ ባዶውን ተሳቢ ጎትቶ በድልድዩ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሌላ በኩል ሆነ። መደወሉንስ ይደውል ነበር፤ ስልክ ግን ምን ያደርጋል፣ ዓይን አይሆን። አልፎ አልፎ በአውቶቡስ ሲመጣም እንደ እንግዳ ሰዓቱን እያየ ነው። እናቴ የከባድ መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች፣ እንዳልሆነ ስታውቅ መልሳ ትተኛለች። እሷን እንዲያ ሆና ከማየት መሞት ይሻላል ያልኩበት ቀን አለ።

አንድ ከሰዓት ያበጠ እግሯን እያሸሁላት ሳለ፣ «እምቢ ይለኛል ብዬ ነበር እኮ» አለች።

«ማን?»

«አባትሽ ነዋ። ‹ኧረ ተይ፣ ልጅሽን ሳታዪ እንዴት ትሆኛለሽ?› ይለኛል ብዬ ነበር። ለአፌ ያህል ነው እንጂ ካንጀቴ አልነበረም።» እንባዋ ወረደ።

ደሜ ፈላ። «አሁኑኑ ሄጄ እነግረዋለሁ!» ብዬ ተነሣሁ።

«እንዳታደርጊው!» ብላ ክንዴን ጨመደደችኝ። «የዋህ ነው። ያልኩትን አምኖ ነው። ምን አጠፋ?»

ተመልሼ እግሯን ማሸት ቀጠልኩ። ስትሞት ወንድሜ በዙሪያው መንገድ ላይ ጭነት ይዞ ነበር። የደረሰው ለቀብሯ ነው፤ ፊቷን እንኳ አላየም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ተሳቢውን ባዶውን እየጎተተ በድልድዩ መጣ። «አባዬ፣ ይሄን ነገር አውልቅልኝ» አለ። «ሁለት ይሁን። ያገኘሁትን እጭናለሁ። አንተ እንኳን እንዳታመልጠኝ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ከተሳቢው ሥር አየ። «ደህና ነው፤ ገና ብዙ ይሠራል» አለ። «እናትህ የመረጠችው ነው። አልነካውም።»

ይሄኔ አቃተኝ። «የመረጠችው አትበል!» ብዬ ጮህኩበት። «ለአፏ ነው ያለችው! እምቢ እንድትላት ነበር የጠበቀችህ!»

አባቴ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «እሱማ መች ጠፋኝ» አለ። «ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ፣ እንዲለምኗት ስትፈልግ አላውቅም? አንዴ ‹ተይ› ብላት እሺ ትለኝ ነበር። ልጁስ? እሱ እሷን እምቢ አይላት፤ ሦስተኛውን ትቶ ከነልጆቹ ይራብ ነበር። ስለዚህ እንዳልገባው ሰው እሺ ብዬ ወጣሁ።»

ወንድሜ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወደ ውጭ ወጣ።

«ተቀይማኝ ነው የሞተችው?» አለኝ አባቴ።

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩት፤ እንዲጽናና ብዬ ነው። «‹የዋህ ነው፣ ያልኩትን አምኖ ነው› ነው ያለችኝ።»

አባቴ ያረጀ ጎማ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ደረቱን እየደቃ አለቀሰ።

«ምነው በሰደበችኝ!» አለ። «ምነው ሰድባኝ በሞተች!»