ከስምንት እስከ አሥራ ሰባት የተጻፈባቸው ሳጥኖች

ልጄ ከሳን ሆዜ ደውላ "አባዬ፣ ቅዳሜ ይምጡ፤ ሳጥኖቹን አብረን እንክፈት" ስትለኝ ደስ አለኝ። አብረን እንዲህ እናድርግ ብላ ከጠራችኝ ቆይታለች። ስልኩን ዘግቼ የምለብሰውን ሸሚዝ እስከ መምረጥ ደረስኩ። ደስታዬ የቆየው ሚስቴ "የምን ሳጥን ነው?" ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ ነው። መልሱን ስሰጣት አፌ መረረኝ። ሳጥኖቹ የጋሼ ናቸው። ጣቶቹ አልታዘዝ ስላሉት፣ የገባበት መጦሪያም ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ለልጄ አስረከባት። እኔ የተጠራሁት እሱ ባለመቻሉ ነው።

ሚስቴ ፊቴን አየችና "ደግሞ ጀመረህ" አለችኝ።

ጋሼ ዘመዳችን አይደለም፤ ያገራችን ሰውም አይደለም። ሳን ሊያንድሮ ስንኖር ከእኛ በላይ ያለው ቤት ውስጥ ብቻውን የሚኖር፣ ከከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ የወጣ የኦክላንድ ተወላጅ ነው። በዕድሜ ሃያ ዓመት ያህል ይበልጠኛል። ያኔ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር። እኔ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተጣለ ማሽን እየፈታሁ፣ መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እያነበብኩ ነው የተማርኩት። እናቷ የከሰዓት ሺፍት ነበራት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቤት ሰው የለም። ሽማግሌው ይህን አይቶ፣ እስክትመለሱ እኔ ዘንድ ትቆይ አለን። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩ።

ታላቅን ሰው በደረቁ በስሙ መጥራት ነውር ነው ብዬ ስለማምን "ጋሼ በይው" አልኳት። ምን ማለት ነው አለችኝ። "ጋሻዬ ማለት ነው" አልኳት። ቃሉን አውጥቼ ያደልኩት እኔው ነኝ፤ በኋላ የቆጨኝም እኔው። ሽማግሌው ደግሞ ቃሉን እንደ ሰላምታ ወሰደው። ልጄ በር ስታንኳኳ "ጋሼ" ስትል ሰምቶ፣ ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር እጁን ወደ ላይ አንስቶ "ጋሼ!" ይለኝ ጀመር። አባቴ ሊሆን ትንሽ የቀረው ሰው እኔን ጋሼ ሲለኝ ጎረቤት ያሉ ያገራችን ልጆች ይስቁ ነበር። አላረምኩትም። መጀመሪያ ያላረምኩት አፍሬ ነው፤ በኋላ ግን ይሳቅበት ብዬ ነው። ይህን ማመን ደስ አይልም፤ ግን እንደዚያ ነበር።

የሽማግሌው ሱስ የፉትቦል ካርድ ነበር፤ የተጫዋች ፎቶ ያለበት፣ በፓኬት በፓኬት ሆኖ ሳጥን ውስጥ የሚሸጥ ወፍራም ወረቀት። ፉትቦል ስል የእነሱን ነው፤ ኳሱን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ እግር ኳስ የሚሉትን። በየዓመቱ ጨዋታው ሲጀመር ሁለት ሳጥን ይገዛል። አንዱን ዓርብ ዓርብ፣ በሳምንት አንድ ፓኬት፣ ከልጄ ጋር ይከፍታል። ሌላውን እንደታሸገ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል። "ስታድጊ እንከፍተዋለን" ይላታል።

እኔ ነገሩን ናቅሁት። ለሩጫ የተከፈለውን ሰው ፎቶ መሰብሰብ ምን ዕውቀት ይጨምራል ብዬ ተቆጣሁ። ደግሞ የሚወደው ቡድን ኦክላንድን ጥሎ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ጥሎ የሄደን መውደድ ሞኝነት ነው እያልኩ እራት ላይ አስተምር ነበር። ልጄ ታዳምጠኛለች። አቤት ትላለች፤ እርስዎ ትለኛለች። ፊደል አስቆጥራት ነበርና ደብተሯን ሞልታ ታሳየኛለች። ሞልታ የጨረሰችው ግን ወደ ላይ ለመውጣት እንደሆነ አውቃለሁ። ስትወጣ ደረጃውን ሁለት ሁለት ትዘላለች። ስትወርድ አንድ በአንድ ነው። ይህን ድምፅ ቁጭ ብዬ እቆጥር ነበር። አንድ የቤተሰብ ኃላፊ የእግር ኮቴ ሲቆጥር የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ግን ቆጥሬአለሁ።

እሱ ዘንድ ስትስቅ ሳቋ በጣሪያችን በኩል ይሰማኛል። እኔ ዘንድ ፈገግ ነው የምትለው። ለምግቧም፣ ለጫማዋም፣ ለትምህርቷም የምደክመው እኔ፤ የሚሳቅለት እሱ። እንዲህ እያልኩ ራሴን መገብኩት። ቅናት ሲመግቡት የሚጠግብ ነገር አይደለም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ቁልፍ ሰጠናት፤ ጠባቂ አላስፈለጋትም። ከሽማግሌው ጋር የቀራት ዓርብ ብቻ ነበር። አንድ ዓርብ እኔም ላስደስታት ብዬ ኦክላንድ ውስጥ አንድ ሱቅ ገባሁና የፉትቦል ካርድ አልኩት። ባለሱቁ አነጋገሬን ሰምቶ ከየት ነህ አለኝ፤ ነገርኩት። ፈገግ ብሎ "ገባኝ" አለና አንድ ፓኬት አወረደልኝ። የሚያብረቀርቀውን መጠቅለያ ሳላይ ኪሴ ከተትኩ። ቤት ስትከፍተው ለካ የእኛ ኳስ ነው፤ በእግር የሚጫወቱት። ሰውዬው ለአገሬ አዝኖ ነው የሰጠኝ። ልጄ ካርዶቹን አገላበጠቻቸውና "አመሰግናለሁ አባዬ" አለችኝ። ወዲያው ይዛቸው ወጣች፤ ሁለት ሁለት እየዘለለች። ትንሽ ቆይቶ የሁለቱ ሳቅ ጣሪያውን ሞላው። ያን ያህል ስቀው አያውቁም። በስጦታዬ እየሳቁ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በሳምንቱ ዓርብ ከመውጣቷ በፊት አስቀመጥኳትና ዋሸኋት። ጋሼ አርጅቷል፤ ልጅ ማጫወት ደክሞኛል፣ ከእንግዲህ አትምጣ ብሎኛል አልኳት። ለእሱ ደግሞ ደረጃ ላይ አግኝቼው፣ ዓርብ ዓርብ ቤተ መጻሕፍት ትምህርት ጀምራለች አልኩት። ሐሰት ነውር ነው ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አላለቀሰችም። "እሺ" አለችና ደብተሯን አወጣች። ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ ስታገኘው አንገቷን ትደፋለች። እሱ ግን እኔን "ጋሼ!" ማለቱን አልተወም።

ዓመታት ሄዱ። ልጄ ተማረች፣ ሳኒቬል ውስጥ ቢሮ ገባች፣ ሳን ሆዜ ቤት ተከራየች። ባለፈው ዓመት እናቷ ሽማግሌው ኦክላንድ መጦሪያ መግባቱን ሰምታ ነገረቻት፤ እሁድ እሁድ ትጠይቀው ጀመር። ስለ ድሮው አንድም ቀን አላነሱም። እሷ ደክሞት ነበር ብላ ታስባለች፤ እንዳታሳፍረው ዝም ትላለች። አንድ ሁለት ጊዜ ይዣት ሄጄ መኪና ውስጥ ጠብቄአታለሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ሳን ሆዜ ደረስኩ። ትልቁ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ነበር። እኔ እስክመጣ አልከፈተችውም፤ ይህ እንኳ ትንሽ አለሰለሰኝ። ትናንሾቹን ሳጥኖች እያወጣች ደረደረቻቸው። እያንዳንዳቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ ቁጥር ተጽፏል፤ ስምንት፣ ዘጠኝ። "ዕድሜዬ ነው" አለች እየሳቀች። "ሲያስቀምጠው ዕድሜዬን ነው የሚጽፈው።"

ስምንትን ከፈተችና አንድ ፓኬት ቀደደች። ካርዶቹ ከርመው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በጉልበት አልጎተተችም፤ የተጣበቀውን ክምር በሁለት አውራ ጣቶቿ ቀስ ብላ ወዲህና ወዲያ አጎበጠችው፤ ጠቅ ጠቅ እያለ ተላቀቀ። ሁሉንም በጠርዙ ነው የምትይዘው። የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ። እኔ እርሳስ አያያዝ አስተማርኳት፤ ዛሬ እርሳስ የሚይዝ የለም። እሱ ያስተማራት ግን ይኸው እጇ ላይ አለ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ በአንድ በሽተኛ ሽማግሌ አውራ ጣት ቀናሁ።

እጄ ሥራ ይፍታ እንጂ ዓይኔ ሥራ አልፈታም፤ ሳጥኖቹን ቆጥሯል። አሥር ናቸው። አራቱ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ። ከዚያ አሥራ ሁለት አለ። አሥራ ሦስት አለ። እስከ አሥራ ሰባት ይሄዳል። ሽማግሌው እሷ ከቀረችም በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ እየገዛ፣ ዕድሜዋን እየጻፈ አስቀምጧል። ደክሞኛል አትምጣብኝ ያለ ሰው እንዲህ አያደርግም። ይህን ከእሷ ቀድሜ ተረዳሁ። ትንሽ ጊዜ ነበረኝ። ተነስቼ ውኃ ልጠጣ እችል ነበር፤ ሌላ ወሬ ማምጣት እችል ነበር። ሌላ ውሸትም አዘጋጅቼ ነበር፤ ሰው ሲያረጅ ያወጣውን ቃል ይረሳል ልላት። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ልጄ አሥራ ሁለትን አነሳች። አሥራ ሦስትን አነሳች። አስቀመጠቻቸው።

"አባዬ፣ በዚህ ጊዜ እኮ አልሄድም ነበር" አለች።

"አላለም" አልኳት።

"ምኑን?"

"ደክሞኛል አትምጣብኝ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።"

አሥራ ሦስት የሚለውን ፕላስተር በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ "ለምን ዋሸኸኝ?" አለችኝ።

ዋሸኸኝ ነው ያለችው። በሃያ ስድስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችኝ። ሕፃን ሳለች አንተ ስትለኝ ተቆጥቼ አስተውኳት እንጂ፣ ነፍስ ካወቀች ወዲህ ብላኝ አታውቅም። ማረም ልማዴ ነውና አፌን ከፈትኩ፤ የማርመው ግን አጣሁ።

"ቀንቼ ነው" አልኳት። የካርዱን ነገር፣ የጣሪያውን ሳቅ ነገርኳት። በስጦታዬ ስትሳለቁ ሰማሁ አልኳት።

እንግሊዝኛውንና አማርኛውን ቀላቅላ መለሰችልኝ። የሳቁት በእኔ አልነበረም። ጋሼ እነዚያን ተጫዋቾች አንዳቸውንም አያውቃቸውም፤ መነጽሩን አድርጎ ስማቸውን ጮክ ብሎ ለማንበብ ሲታገል ነው የሳቁት። "ካርዶቹን እኮ ወድጃቸው ነበር" አለች። "ለእሱ ላሳየው የሮጥኩት አባቴ ገዛልኝ ልል ነው።"

ከዚያ የከፈተችውን መልሳ ከደነች። አሥራ ሁለትን አንስታ ክንዴ ላይ አስቀመጠችውና "ተነሳ፤ እሱም ይስማ" አለችኝ። ኦክላንድ እስክንደርስ እሷ ነዳች፤ እኔ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ምክር አላመጣሁም።

ሽማግሌው መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ነበር። ስገባ አየኝና የማትታጠፈውን እጁን አነሳ። "ጋሼ!" አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት እራሴን ነቅንቄ ነበር የማልፈው። የዚያን ዕለት ግን "ጋሼ" ብዬ መለስኩለት። ልጄ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ልትተረጉምልኝ እንዳላሰበች ገባኝ። በማሽን ጥገና እንግሊዝኛዬ፣ አንተና እርስዎ በሌለበት ቋንቋ፣ ያደረግሁትን ነገርኩት።

ሰምቶኝ ሲጨርስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ያ ቤተ መጻሕፍት ዓርብ ዓርብ ዝግ ነው" አለኝ። "በፊት ለፊቱ ሃያ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ነድቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?" አለችው ልጄ።

"አባትሽ ነው" አላት። "ውሸት የማይችልበት አባት ነው፤ ግን አባትሽ ነው። እኔ ሳጥን ነው የምገዛው።"

ሳቀች። ያ በጣሪያ በኩል የምሰማው ሳቅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ይቅር ተባልኩ ብዬ አልጽፍም፤ ቅናቱም ጠፋ ብል ሌላ ሐሰት ይሆናል። በትዕግሥቱ ራሱ ቀናሁ። እሱ የዋሸሁትን እኔን ስድስት ዓመት ጋሼ ሲል ኖረ፤ እኔ አንዲት ዓርብ መታገሥ አቃተኝ። ልጆቻችንን የምናሳድገው ባስተማርናቸው ይመስለናል። ልጄን ግን የሁለታችንም ዝምታ አሳድጓታል፤ የእሱ ሲጠብቃት፣ የእኔ ሲቀማት።

አሥራ ሁለትን ጭኑ ላይ አደረግንለት። ማሸጊያውን በጣቱ ሞከረው፤ እምቢ አለው። ወደ ልጄ ይገፋዋል ስል ወደ እኔ ገፋው። የመጀመሪያውን ፓኬት ቀደድኩ። ካርዶቹ ተጣብቀዋል። ስንት የዛገ ብሎን በፈታ እጄ ላላቅቃቸው ፎቶው ላይ አውራ ጣቴን ጫንኩ።

ልጄ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። "እንደዚያ አይደለም" አለችኝ። "ጠርዙን ያዝ።"

ይያዙ አላለችኝም። ጠርዙን ያዝኩ።