ያልበሳሁት ቢጫ ጄሪካን

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ ልንገራችሁ፤ አታውቁኝም፣ እንደዚያ ይቀለኛል።

ጉደር ውስጥ የንግድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ቤንዚን በፕላስቲክ ጄሪካን መቅዳትና መሸጥ የተከለከለበት ጊዜ ነው። ከመንገድ ዳር የምንወርሰውን ጄሪካን ሁሉ በሚስማር እየበሳሁ የምጥለው እኔ ነበርኩ። ባዶውም ቢሆን ሽታው እስካለ ድረስ እሳት ይጠራል እያልኩ ሰዉን የማስተምረውም እኔው ነበርኩ። ግን ቢጫ ጄሪካን በእኛ ሰፈር ሀብት ነው፤ ተቆጣጣሪ ጎረቤት ያለው ሁሉ አንዷን እንኳ ስጠን ይላል። እኔም አንዱን ሳልበሳ፣ በሳሙና አጥቤ፣ ለጎረቤታችን ለአዴ ጫልቱ በድብቅ ሰጠኋቸው። ሚስቴ አራስ ነበረች፤ አጥሚቷን የሚሠሩላት እሳቸው ነበሩ። ውለታ የመለስኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

አዴ ጫልቱ ሹሩባ ሠሪ ነበሩ። በራቸው ላይ ተቀምጠው ሲሠሩ ጣቶቻቸውን ሳይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር።

ጄሪካኑን ከወገቡ ቆርጠው ሳፋ ሊያደርጉት አሰቡ። ሁላችንም እንደምናደርገው ቢላዋ እሳት ላይ አግለው አስጠጉት። ውስጡ የቀረው ትነት ቦግ አለ። እኔ ስደርስ ጭሱ በግቢው ላይ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል እንደሚሆነው ሁሉ ነገር ጸጥ ብሏል። አዴ ጫልቱ የተቃጠሉ እጆቻቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ቆመው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ጄሪካኑን ማን እንደሰጣቸው ግን ለማንም አልተናገሩም።

እኔስ? በቀጣዩ የቀበሌ ስብሰባ ስለ ጄሪካን ላስተምር ተነሣሁ። አንድ ሰው አዴ ጫልቱ ዕቃውን ከየት እንዳገኙት ጠየቀኝ። ዝም ማለት እንኳ እችል ነበር። እኔ ግን «ተደብቆ ቤንዚን የሚቸረችር ሰው መጨረሻው ይሄ ነው» አልኩ። እኔ አልኩ። በዚህ አፌ። እሳቸው እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ከኋላ ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ቸርቻሪዋ ይላቸው ጀመር። ጣቶቻቸውም እንደ ድሮው አልታዘዙ አሉ፤ ሹሩባው ቀረ። ልጄ በተወለደ ሰሞን ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው? አዎ፣ ፈርቻለሁ። ስማቸውን አጥፋ ብሎ ያዘዘኝ ግን ማን ነው?

አንዳንዴ በሕልሜ ያንን ጄሪካን እበሳለሁ። ሚስማሩ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ይገባል፣ ሽታው ይወጣል፣ አዴ ጫልቱ የሰው ፀጉር እየሠሩ ይስቃሉ። ስነቃ ለትንሽ ጊዜ እፎይ እላለሁ። ከዚያ ትዝ ይለኛል።

ባለፈው ክረምት ቤታቸው ሄድኩ። ገና ማውራት ስጀምር በተኮማተረ እጃቸው አስቆሙኝ።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ልጄ? እኔማ አውቃለሁ። ያን ቀን ለሰሙህ ንገር» አሉኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቀበሌው ስንት ጊዜ ተሰብስቧል፤ እኔም ከፊት ተቀምጬ እጄን ሳላነሣ ተመልሻለሁ። ይኸው ለእናንተ ነገርኳችሁ። ከእናንተ አንዱም እዚያ አልነበረም። ስለዚህ ይቅር አትበሉኝ።