አባቴ ቆዳ ያለበሱት ስፒከር

ባለፈው ቅዳሜ ከትምህርት ስንወጣ፣ እንደኔው አንደኛ ዓመት የሆነ አንድ ወጣት ለመኪናው ምን ዓይነት ሳብዉፈር፣ ያ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር፣ እንደሚሻለው ጠየቀኝ። በዕድሜ አባቱ ስለምሆን የማውቅ መስሎት ይሆናል። "ሱቅ ውስጥ ሰምተህ አትወስን፤ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ፣ መኪናህ ላይ ተጭኖ ስማው" አልኩት። ይህን ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኩትም።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ጋሻው ከወረታ ሐሙሲት ሰው የሚያመላልስ የሰው ላንድሮቨር ይነዳ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲመለመል ቀበሌው ሥራ ያለውን ያልፍ ስለነበር፣ ያቺ መኪና ለወንድሜ ከእንጀራም በላይ ነበረች። ታዲያ ከፎገራ ሜዳ ውሃው ሸሽቶ ሽምብራው በሚያሸትበት ወቅት፣ ድምፁ ደረት የሚመታ ቴፕ የተገጠመለት ሌላ መኪና መጣና ተሳፋሪው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። የላንድሮቨሯ ባለቤትም ወንድሜን "በመጪው ሐሙስ ገበያ መኪናዋን ካልሞላህ ቁልፉን ለሌላ እሰጣለሁ" አለው።

እኔና ወንድሜ ባሕር ዳር ሄደን ስፒከር መረጥን። አንዱ ትንሽና ጯኺ፣ ሌላው ሰፊ፣ ማግኔቱ ከባድ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ሲያሰሙን ትንሹ ይበልጥ ነበር። እኔ ግን ዲያቆን ነበርኩና የጆሮዬ መለኪያ ከበሮ ነው፤ የከበሮውን ሰፊ ፊት ወፍራም ድምፅ ፈልጌ ትልቁን አልኩ። ባለሱቁ "ልክ ነህ፤ ግን ሣጥን ሥሩለት፣ ያለዚያ አይናገርም" ብሎ ሸኘን።

አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ የደብሩን ከበሮዎች የሚጠፍሩትም እሳቸው ናቸው። የልጃቸው ነገር ሲገባቸው ከዋንዛ ሣንቃ ሣጥኑን ራሳቸው ሠሩ፤ ስፒከሩን ከውስጥ ካስገባን በኋላም ፊቱን በጥሬ የበሬ ቆዳ ወጥረው ጠፈሩት።

"አባየ፣ ይኼ እኮ ከበሮ አይደለም" አለ ወንድሜ።

"ሆዱ ባዶ አይደል? ቆዳ ሳይለብስ በምኑ ይናገራል? ለዘፈን ስጠፍር መዋሌ ሳያንስ ደግሞ ልታስተምረኝ!"

ወንድሜ ሣጥኑን ተሸክሞ መኪናዋ ላይ ጫነው።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያው ላይ ቴፑን ከፈተ። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያጉረመርም ሰው ይመስል ነበር። የሽምብራ እሸት የተሸከመች ሴት "ሹፌሩ፣ ዘፋኙን ለምን ቀበርከው?" ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ሊያዩ መጥተው ነበር። መዳፋቸውን ቆዳው ላይ አኑረው ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ "ቢላ አምጣ" አሉና የጠፈሩትን በገዛ እጃቸው ዙሪያውን ቀደዱት። ድምፁ ወጣ። የመኪናዋ ወለል ሲንቀጠቀጥ በእግሬ ተሰማኝ። ያቺው ሴት እሸቷን እንደያዘች ቀድማ ገባች።

ባለቤቱ ቁልፉን አልነጠቀውም። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ሐሙሲት መግቢያ ላይ ታጣቂዎች መኪናዋን አስቁመው ወጣቶቹን ሲያፍሱ እሱንም አወረዱት። ተሳፋሪዎቹ እንደነገሩን "እኔ ሥራ አለኝ" ብሎ የሥራ ወረቀቱን አሳያቸው፤ አይተው መለሱለት፤ እሱን ግን ወሰዱት። ቴፑ እየዘፈነ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተንጠራርተው ዘጉት። ወንድሜ አልተመለሰም።

ማልቀሴን አላስታውስም። አባቴም ያን ቀን ማኅሌት ነበረባቸው፤ ሄደው ቆሙ። አሁን ሰዎች ስለ ወንድሜ ሲጠይቁኝ ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ የሚመጣልኝ ግን ያ የመጀመሪያው ሐሙስ ብቻ ነው። መኪናዋ ጢም ብላ ሞልታ፣ እኔና አባቴ ቦታ አጥተን፣ አቧራው ውስጥ ቆመን ስትሄድ አየናት። ደስ ብሎን ነበር።