በባጃጁ ጀርባ ላይ ያለው ቃል

በመጨረሻው ደህና ቀን ታላቅ ወንድሜ ባጃጁን ያጥብ ነበር። የተለየ ቀን አልነበረም። ከሚሴ ሞቃለች፤ እኔ ውሃ አቀብላለሁ። የኋላ መስታወቱን ግን እንዳጥብ አይሰጠኝም። እዚያ ላይ በክብ ክብ ፊደላት የጻፈው ቃል አለ። «አንና» ይላል። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ህንዳዊ መምህር በአገሩ ቋንቋ፣ በቴሉጉ፣ አሳይቶት ነው።

«ታላቅ ወንድም ማለት ነው» አለኝ፣ ለስንተኛ ጊዜ። «እኛ አያ እንደምንለው። ከማንም አልተዋሱትም፣ ከጥንት የራሳቸው ነው፤ ጎረቤቶቻቸው ታሚሎችም ይሉታል። ሻይ ሻጩንም፣ የአውቶቡስ ረዳቱንም አንና ብለው ነው የሚጠሩት።»

«አንተንስ እዚህ?»

«እኔማ ዲግሪ ይዤ ‹ባጃጅ› ነው የምባለው።» ሳቀ።

በማግስቱ ባጃጁን ዳር አቁሞ አስፋልቱን ሲሻገር የጭነት መኪና ገጨው። ሞተ። በእግሩ ነበር። ይህን ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ በእግሩ ነበር።

ምክንያቱም ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጫታቸውን ይዘው የተቀመጡት አዋቂዎች ጥፋተኛውን አገኙት። ቃሉ ነው።

«የጣዖት ስም ነው» አለ አንዱ።

«ወላሂ ጠልሰም ነው። አረብ አገር እንዲህ ያለ አይቻለሁ» አለ ሌላው። አረብ አገር ያየው ግመል ብቻ ነው።

ሁለቱም በዚያ ባጃጅ ስንት ጊዜ ተሳፍረዋል። አንድ ቀን እንኳ ምን ማለት ነው ብለው አልጠየቁትም። ስለ ጭነት መኪናው ያነሳ ደግሞ አልነበረም።

«ታላቅ ወንድም ማለት ነው» አልኩ።

ከመካከላቸው አጎቴ ጉንጩን በጫት ሞልቶ አየኝ። «አንተ ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ስትጨርስ ህንድኛም ሰጡህ?» ሳቁ። በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር መሆኑን የሚያስተምሩን እነሱ ናቸው። «ነገ ጠዋት በምላጭ እፍቀዋለሁ» አለ አጎቴ፣ «ወንድምህን መላእክቱ በቀብሩ እንዳይጠይቁበት።»

«አሚን» አሉ።

ጠዋት ቀድሜው ተነሳሁ። ከባጃጁ ወንበር ሥር ወንድሜ ያስተረፈው ነጭ ቀለም ነበር። ከክቦቹ ፊደላት በታች «አያ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ አያምርም፤ ጠመመ። አጎቴ ምላጩን ይዞ መጣ። ቆሞ አነበበ።

«ፋቀዋ» አልኩት። «የታችኛውን ጭምር።»

አልነካውም። ቀለሙ ሳይደርቅ ሞተሩን አስነስቼ ወደ ባጃጅ ተራ ወጣሁ። መንገድ ላይ አንዲት ሴት «ባጃጅ» ብላ ጠራችኝ። ቆምኩላት።