በጀላቢያ የገባሁበት ባሕር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው መጥረጊያና ማማሰያ እንጂ እስክሪብቶ አይደለም። ለመጻፍ ያነሣሣኝ አሮጌው ስልኬ ነው። ባለፈው ሳምንት አገር ቤት ላለችው እህቴ ልልክላት ብዬ ስወለውለው፣ ካሜራው ላይ የደረቀ ሙጫ አገኘሁ። በጥፍሬ ልፍቀው ስል ትዝ አለኝና እጄን ሰበሰብኩ። ለሴቶች ብቻ የተከለለው የኩዌት ባሕር በር ላይ የተለጠፈብኝ ወረቀት ሙጫ ነው። እዚያ ፎቶ ማንሣት ክልክል ስለሆነ ጠባቂዋ የሁሉንም ስልክ ዓይን ትሸፍናለች። ስለዚህ ከዚያ ክረምት አንድም ፎቶ የለኝም። ያለኝ ሙጫው ነው።

ያኔ ኩዌት ከገባሁ ብዙ አልቆየሁም ነበር። ባሕሩን የማውቀው ከመኪና መስኮት ነበር፤ ከኋላ ወንበር፣ የአሠሪዬን የማዳምን ልጆች ታቅፌ። በነሐሴ ማዳም ከነቤተሰቧ ለዕረፍት ወደ ቱርክ ስትሄድ እኔን እናቷ ዘንድ ተወችኝ። አሮጊቷ ደግ ሴት ናቸው። “ለእኔ ለአንዲት ነፍስ ይህን ያህል ሥራ የለም፤ ዓርብ ዓርብ ውጪና አየር ተቀበዪ” አሉኝ። ሰዎች የክረምት ዕረፍት የሚሉትን ነገር በዕድሜዬ ያየሁት በእነዚያ ዓርቦች ነው። ማዳም ስትመለስ እንደሚያበቁም አውቅ ነበር።

ኸይጣን የሚባል ሰፈር ውስጥ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ፀሐይ የምትባል ያገሬ ልጅ አለች። በዕድሜም በአፍም ትበልጠኛለች። ወደ ባሕሩ የወሰደችኝ እሷ ናት።

ዙሪያው በረጅም አጥር ተከልሏል፤ ወንድ የሚባል ዝር አይልበትም። እስከ በሩ ድረስ በጥቁር አባያ ተሸፍነው የመጡ ሴቶች፣ አጥሩን እንዳለፉ ልብሳቸውን እየወረወሩ በጋለው አሸዋ ላይ እየዘለሉ ወደ ውሃው ይሮጣሉ። ባለጠጋዋም ሠራተኛዋም ከጡት መያዣና ከሙታንታ የማይበልጥ ነገር ነው የለበሱት። ጥግ ይዛ እሱንም አውልቃ ጀርባዋን ለቀኑ ሐሩር የሰጠችም አለች።

እኔ ደግሞ ከአንገቴ እስከ ግራ ጡቴ የሚወርድ ጠባሳ አለኝ። በልጅነቴ የፈላ ውሃ ተደፍቶብኝ ነው። ሻሼን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ስኖር ለሃይማኖት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው ዓርብ ባሕሩ አስጎመጀኝና፣ እንደምንም ደፍሬ ከነጀላቢያዬ ገባሁ። ውሃው ከወገቤ ሳያልፍ ጀላቢያው አየር ይዞ ተነፋ። ፊሽካ ተነፋ። እም ሐሰን የሚሏት ግብፃዊቷ የዋና ጠባቂ እየሮጠች መጣች።

“መምኑዕ! መምኑዕ! ክልክል ነው! ይህ ልብስ ሊያሰጥምሽ ነው? ውጪ!”

ገላዬ እንዳይታይ ብዬ ባሕሩ ሙሉ ሰው አየኝ።

“ኧረ ጉድ!” አለች ፀሐይ፣ ሆዷን ይዛ። “ድንኳን ተክላ የምትዋኝ ያገሬን ልጅ አየሁ!”

ከእኛ ምንጣፍ አጠገብ ሁለት ፊሊፒኖች ተቀምጠው ነበር፤ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠችው ግሬስ፣ ቀጭኗ ሊን። እነሱ አልሳቁም። ግሬስ ፎጣዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ሊን ጥሬ ማንጎ በጨው አቀረበችልኝ፤ ፍልሰታ ስለነበር ለጾሜም ተስማማኝ። የኮመጠጠው ማንጎ ከዓይኔ እንባ አወጣ፤ ለማልቀስ ሰበብ ስላገኘሁ ደስ አለኝ።

ፀሐይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “እነዚህ እኮ እንደ ባልና ሚስት ናቸው” አለችኝ። “እዚህስ ይሁን፤ ውጭ ስታያቸው ግን እንደማታውቂያቸው ሁኚ።”

ዞር ብዬ አየኋቸው። ግሬስ የሊንን እርጥብ ፀጉር ታበጥር ነበር። ማታ ስንወጣ ደግሞ ከበሩ አልፈው አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ሆነው፣ ተያይተው እንደማያውቁ ሰዎች ሲሄዱ አየሁ። ነገሩን ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላስለው ሰነበትኩ። እኔ አጥሩ ውስጥም አጥሩ ውጭም እደበቃለሁ። እነሱ ቢያንስ ግማሽ ቀን ከመደበቅ ያርፋሉ። ዕረፍት ማለት ይህ ይሆን እንዴ አልኩ።

የሚቀጥሉትን ዓርቦች ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩ። በመጨረሻው ዓርብ ዋዜማ ማዳም ደወለች፤ እሑድ ይገባሉ። በማግስቱ ሊን የራሷን ትርፍ የዋና ልብስ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ይዤው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባሁ። ከፊቱ የተከፈተ ነው፤ ጠባሳዬን አይሸፍንም። ጨብጬው ቆምኩ። አሁን ካልገባሁ መቼም አልገባም፤ ያም ሆኖ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

በዚያች ሰዓት ከውጭ የሴቶች ጩኸት ሰማሁ። በነሐሴ የኩዌት የቧንቧ ውሃ እንደ ሻይ ትኩስ ነው፤ መታጠቢያው ስር የገቡት ናቸው የሚንጫጩት። ያ ጩኸት ያገሬን የማርያም ጸበል አስታወሰኝ። ቁስሉ ሲደርቅ እናቴ የወሰደችኝ እዚያ ነበር። በሴቶች በኩል ባልቴቷ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ልጃገረዷ ራቁታችንን ተሰልፈን ነው የምንጠመቀው። ውሃው ሲያርፍብን እንጮሃለን፤ ማንም የማንንም ገላ አያይም። ከነቀሚሴ ልግባ ብዬ ባስቸገርኳት ጊዜ እናቴ፣ “ውሃ የሚያውቀው ገላን ነው፣ ጨርቅን አይደለም” ብላ በራሷ እጅ አወለቀችልኝ።

ጀላቢያዬን አወለቅኩ። ሻሼንም ፈታሁ።

ስወጣ ፀሐይ የጎረሰችውን ሳትውጥ ቀረች። ጠባሳዬን አይታው አታውቅም።

“ዝናሽ! ምን አገኘሽ?”

“እንደ ጸበል ቆጥሬው ነው” አልኳት።

ፀሐይ ጴንጤ ናት፤ በጸበል ሳትተርበኝ ውላ አታውቅም። “ያንቺ ጸበል መቼ ጨው ኖሮት ያውቃል?” አለችኝ። ድምጿ ግን ተሰብሮ ነበር።

ግሬስና ሊን በግራና በቀኝ ይዘው አስገቡኝ። በጀርባዬ አስተኙኝ። “ራስሽን ልቀቂ” ትላለች ግሬስ በተሰባበረ ዓረብኛችን፣ “አንገትሽን አታጠንክሪ።” አንገቴን! ዕድሜዬን ሙሉ ያጠነከርኩት እሱን ነው። ለቀቅኩት። ጆሮዬ በውሃ ተሞላ፣ የዓለም ጫጫታ ጠፋ፣ ሰማዩ ብቻ ቀረ። እጃቸውን መቼ እንዳነሡ አላወቅኩም። ጠባሳዬ ፀሐይ እየሞቀ ብቻዬን ተንሳፍፌ ነበር። ከዳር የፀሐይን እልልታ ስሰማ ነው የነቃሁት። እም ሐሰን ለመዝጊያ ፊሽካዋን ስትነፋ እንኳ አልወጣም ብዬ አስቸገርኩ።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁባቸው ቤቶች ዓርብ አልነበራቸውም። አሁን ያለሁበት አለው። ባለፈው ዓርብ ስልኩን ላስልክ ሚርቃብ ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ስሄድ፣ በሕዝቡ መሃል ግሬስን አየኋት። ሊን ራቅ ብላ ከኋላዋ ትመጣለች፤ እንደ ድሯቸው። በመንገድ ላይ ጮክ ብዬ ሰው ጠርቼ አላውቅም። “ግሬስ!” ብዬ ጮህኩ። ዞር ብላ ትኩር ብላ አየችኝ፤ ጊዜው ርቋልና ከነሻሼ አላወቀችኝም። ያን ጊዜ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ መሃል፣ ሻሼን ከአንገቴ ላይ ዝቅ አደረግኩት።

ግሬስ በሳቅ ፈነዳች። ሊንም ሮጣ ደረሰች። ሦስት ጓደኛሞች ቆመው ሲያወሩ ማንም ልብ አይልም፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ለእኔ ያደረጉልኝን በጥቂቱ የመለስኩላቸው መሰለኝ። ሊን ክንዴን ያዝ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

“ዓርብ ነይ። ባሕሩ የት ጠፋች እያለ ነው።”